ዜሮ ቆጥሮ የቀሰቀሰን ሰዓት

አከራዬ እትዬ ዘነቡ ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን ባለ ቀይ ቁጥር የጠረጴዛ ሰዓት የሚያምኑትን ያህል ሰው አያምኑም። በዚያ ምሽት ጅማ መብራት ጠፋ። ጎረቤት ከጀነሬተሩ መስመር ሳበልን፣ ሰዓቱም ተሞልቶ ተሰካ። እኔ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ተጓዥ ነኝ፤ ስልኬ ሞቷል፤ እሳቸው ሊቀሰቅሱኝ ቃል ገብተዋል።

ቀሰቀሱኝም። "ተነስ አንተ! 11 ሰዓት ሊሞላ ነው!"

"እትዬ፣ አዛን እኮ አላለም።"

"መብራት በሌለበት በምን ማጉያ ይበል?"

"ዶሮውስ?"

"እሱ ደግሞ መቼ ሰዓት አክብሮ ያውቃል!"

ምን ልመልስ? ግቢው በሙሉ ተነሳ። ቡና ተቆላ፣ አቦሉ ተጠጣ። ሻንጣዬን ተሸክሜ ወጣሁ። ባጃጅ የለ፣ ሰው የለ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም የገረመው ይመስላል። የመናኸሪያው ጥበቃ ከብርድ ልብሱ ብቅ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ ገና 8 ሰዓት እኮ ነው። ከቤት አባረውህ ነው?" አለኝ።

ከጉዞ ስመለስ ሰዓቱን ፈታሁት፤ እንጀራዬ ኤሌክትሮኒክስ ነው። እንዳሰብኩት፣ ጊዜ የሚቆጥርበት የራሱ ክሪስታል የለውም። የሚቆጥረው ከሶኬት የሚመጣውን ሞገድ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው። ቮልቴጁ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ዜሮን ባለፈ ቁጥር ሰርኪዩቱ "አንድ" ይላል። 50 ሲሞላ አንድ ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። የዚያ ጀነሬተር ሞገድ ግን የተበጣጠሰ ነው፤ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ወጣ ገባ ይላል። ሰዓቱም አንዱን መሻገር አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት አድርጎ ይቆጥረዋል። ደህና ሰርኪዩት ሂስተሬሲስ አለው፤ ቮልቴጁ ከዜሮ በደንብ ካልራቀ ሐሳቡን አይቀይርም። ይሄኛው ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣል። መግቢያው ላይ አንድ ሬዚስተርና ትንሽ ካፓሲተር በየድኩለት፤ ጫጫታውን ያጣሩለታል።

ቡና ላይ ለእትዬ ዘነቡ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሞገዱ ሲወጣም ሲወርድም ዜሮን ስለሚያልፍ፣ መብራት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ ዜሮ ይሆናል አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "100 ጊዜ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለዜሮውም ነው የሚያስከፍሉን?"