የጀልባ ቢላ ማሰሪያ ጠንካራ ገመድ መሆን የለበትም

ሴሊንግ፣ ማለትም በሸራ ጀልባ መሄድ፣ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ስለ ሸራና ስለ ነፋስ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል። አደጋ ሲመጣ ገመድ የሚቆረጥበት ቢላ ላይ ሲደርሱ ግን «ላንያርድ (ማሰሪያ ገመድ) አድርጉበት» ይሏችኋል፣ አለቀ። በምን ዓይነት ገመድ፣ የት ጋ፣ ምን ያህል ርዝመት፣ ዝም። ወርልድ ሴሊንግ የሚባለው የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ማህበር ረጅም የባህር ውድድር ለሚወጡ ጀልባዎች ባወጣው ደንብ ላይም ስለታም ቢላ በአፎቱ ሆኖ፣ በደንብ ታስሮ፣ በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ ነው የሚለው። የቀረውን ራሳችሁ ድረሱበት ነው ነገሩ።

ቢላው ራሱ ብዙ አያስጨንቅም። ጫፉ ያልሾለ ግዙ፣ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ሹል ነገር ይዞ መውደቅ አለ፣ በአየር የሚነፋ ላይፍ ጃኬት፣ የመንሳፈፊያውን ጃኬት፣ መብሳትም አለ። ጥርስ ጥርስ ያለው ስለት ይሁን፣ ዳይኒማ የሚባለው ሙልጭልጭ ገመድ በተራ ስለት እሺ አይልም። በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን። ስትመለሱ በንፁህ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ በቃ።

ማሰሪያው ነው ጉዱ። ኮርስ የወሰድኩበት ቦታ አስተማሪያችን ፓራኮርድ የሚባለውን ቀጭን ግን ጠንካራ የናይሎን ገመድ ግዙ፣ ሉፕ ሰርታችሁ የእጅ አንጓችሁ ላይ አጥልቁት፣ ያኔ ቢላው መቼም አይጠፋችሁም አለን። ብዙ ዓመት ባህር ላይ የኖረ ሰው ነው፣ ማን ይከራከረዋል። አንዷ ልጅ «አንገት ላይስ?» ብላ ስትጠይቀው እሱም ይቻላል አላት። እኔ አንገቴ ላይ ከማተቤ ሌላ ምንም አላንጠለጥልም ብዬ አንጓውን መረጥኩ፣ አሁን ሳስበው ያዳነኝ ማተቤ ነው።

የሳንፍራንሲስኮን ቤይ በሰመር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ የውስጥ ሸለቆው ሲግል ቀዝቃዛውን የውቅያኖስ አየር በጎልደን ጌት በኩል ይስበዋል፣ የበርክሌይ ከተማ ደግሞ ፊት ለፊቱ ናት፣ ጁላይ ላይ ከ20 እስከ 25 ኖት (በሰዓት ከ37 እስከ 46 ኪሎሜትር ገደማ) ቢነፍስ ማንም አይገረምም። እንዲህ ባለ ቀን ጋሼ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው ጀልባ ላይ ነበርን፣ ታክ ስናደርግ፣ ማለት የጀልባዋን አፍንጫ በነፋሱ በኩል አዙረን አቅጣጫ ስንቀይር፣ እኔ የጂቡን ሺት፣ የፊተኛውን ሸራ መቆጣጠሪያ ገመድ፣ ዊንች የሚባለው የገመድ መጠምጠሚያ ከበሮ ላይ ጠምጥሜ ቶሎ ቶሎ እየጎተትኩ ነው፣ ቢላው ኪሴ ውስጥ ነው፣ የፓራኮርዱ ትርፍ ግን ከእጄ ስር ተንጠልጥሏል፣ ሺቱ ሲዞር ያንን ትርፍ ይዞት ገባ። ቢላውን ከኪሴ መንጭቆ አወጣው፣ ሸራው ነፋስ ሞላ፣ ሺቱ ድርቅ ብሎ ተወጠረ፣ እጄ ዊንቹ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ገመድ ቆርጦ ያድነኛል ብዬ የያዝኩት ቢላ ደግሞ እዚያው ገመዱ ስር ተቀርቅሯል! በሌላኛው እጄ ብጎትተው ብጎትተው ንቅንቅ አይልም።

ጋሼ መሪው ላይ ሆነው «ልቀቀው! ልቀቀው!» ይላሉ። «ምኑን ልልቀቅ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የተያዝኩት!» አልኳቸው። እግዜር ይስጣቸው ወዲያው ገባቸው፣ ጀልባዋን አዙረው አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አደረጉ፣ ሸራው መርገብገብ ጀመረ፣ ገመዱ ላላ፣ እጄ ወጣ። አንጓዬ አብጦ ሰማያዊ ሆነ፣ ስኒ እንኳን ማንሳት አቅቶኝ ሰነበትኩ።

አስተማሪውን ሳገኘው ነገርኩት። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ገመዱን አላሳጠርከውም።» ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከራሳችሁ በላይ ያለ ገመድ መቁረጥ እንድትችሉ ረዘም አድርጉት ያለን ማን ሆነና! እስካሁን ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

ንዴቴ ሲበርድ ሂሳቡን ሠራሁት። ፓራኮርድ 550 ሲባል ቁጥሩ ፓውንድ ነው፣ የሚችለው ወደ 250 ኪሎ ማለት ነው። ቢላዬ 100 ግራም ቢሆን ነው። 100 ግራም ዕቃ እንዳይወድቅ ብዬ እኔን የሚያክል ሦስት ሰው የሚያንጠለጥል ገመድ እጄ ላይ አሰርኩ። ማሰሪያው የሚያስፈልገው ቢላው ውሃ እንዳይገባ ነው እንጂ እኔን ጀልባው ላይ ሊጠፍረኝ አይደለም፣ ስለዚህ አንድ ነገር ከያዘው ከእኔ ቀድሞ መበጠስ ያለበት እሱ ነው።

መሃል ላይ አንድ ሱቅ ሄጄ ነበር፣ ሻጩ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ላስቲክ ይሄ ነው መፍትሄው ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ውስጥ ቢላውን ዘግቼ ሞከርኩት፣ ዘርግቼ ስለቀው ተመልሶ ደረቴን አለኝ። ተከፍቶ ቢሆንስ? ልመልሰው ስሄድ ፓኬቱ ተቀዷል አሉኝ። ላስቲክ አትግዙ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቀጭን የፖሊስተር ገመድ፣ 3 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ናይሎን ውሃ ሲነካው ይለጠጣል። አንዱን ጫፍ ቢላው ቀዳዳ ላይ፣ ሌላውን ላይፍ ጃኬቴ ደረት ላይ። ሱሪ ቀበቶ ላይ እሰሩ የሚሉ አሉ፣ አልስማማም፣ ከወገብ ተነስቶ ከራስ በላይ የሚደርስ ገመድ ቢላው ሲወድቅ እግር ስር ነው የሚጎተተው። ከደረት ከሆነ ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ለክቼ፣ ሲወድቅ ጉልበቴ አካባቢ ይቀራል። ደረቴ ጋ ገመዱን በቀጥታ አላስረውም፣ በመሃል ቀጭን የጥጥ ክር ሉፕ አለ። ቢላው ሲወድቅ ክሩ መቻል አለበት፣ በአንድ እጄ በሃይል ስመነጭቀው ደግሞ ጧ ማለት አለበት። ካልተበጠሰ አንድ ዙር ክር መቀነስ ነው። ትርፉ ገመድ ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ጣት የሚያክል እንኳን እንዲንጠለጠል አልፈቅድም።

«ክሩ ከተበጠሰ ቢላው ባህር ይገባላ?» ብሎኛል አንድ ጓደኛዬ። ይግባ! ቢላ ይገዛል። ደግሞም ጋሼ ሁሉም ሰው የሚደርስበት ቦታ ሁለተኛ ቢላ በአፎቱ አስረው ያስቀምጣሉ፣ እናንተም አድርጉ።

ከውሃ ስትወጡ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የማይታጠፍ ቢላ በጃኬት ተሸፍኖ ከተገኘ ወንጀል ነው፣ በአፎቱ ወገብ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። ስለዚህ ታጣፊ ነው የምይዘው፣ ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ። በፕላን ስትሄዱ በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይገባም፣ ረስቼው አንድ የምወደውን ቢላ ፈታሾቹ ወስደውብኛል፣ እሺ ቢላውስ ይሁን፣ ገመዱን እንኳን ፍቱልኝ ብል «ሰልፉን አታቁም» ብለው አባረሩኝ።