«ዕድሎችና ተግዳሮቶች» የሌሉበት ጉባኤ፦ የውይይት ርዕሶቻችንን እንዴት መረጥን?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ አዘጋጅቶ የማያውቅ ሰው ርዕስ መምረጥ ቀላል ይመስለዋል። «ዲጂታል» የምትል ቃል መሃል ላይ ትገባለች፤ መጨረሻው ላይ «ዕድሎችና ተግዳሮቶች» ይጨመራል፤ አለቀ። እንዲህ ያለ ርዕስ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይቀየር ያገለግላል። ችግሩም እሱ ነው። ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ርዕስ ዘንድሮ ለምን እንደተነሳ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ለጥቅምት 2017 ጉባኤያችን ርዕስ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተስማማነው በዚህ ላይ ነበር። በ«ዕድሎችና ተግዳሮቶች» የሚያልቅ ሐሳብ ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል። በጥያቄ መልክ ተጽፎ ይምጣ አልን። አንዳንዱ ተቀየመን። አንዳንዱ ግን ወደ ጥያቄ ሊለውጠው ሲቀመጥ ጥያቄ እንደሌለው ራሱ አየና ተወው።

በተለምዶ ርዕስ የሚሰበሰበው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ለዳይሬክተሩ ይሄዳል፤ ዳይሬክተሩ ለቡድን መሪው ይመራዋል፤ ቡድን መሪው አምና የላከውን ቀኑን ቀይሮ ይልካል። ደብዳቤውን አልተውነውም። ያለ ደብዳቤ ሰው ከሥራ ቦታው አይለቀቅም፤ አበልም አይታሰብለትም። ግን ከጎኑ ሌላ በር ከፈትን። ሰርኩሌሽን (መጽሐፍ ማዋሻ) እና ሪፈረንስ (አንባቢ ጥያቄ ይዞ የሚመጣበት ክፍል) ላይ ለሚሠሩ ልጆች በቴሌግራም አንድ ጥያቄ ላክን፦ «ዘንድሮ ተጠይቃችሁ መልስ ያጣችሁለት ነገር ምንድን ነው?» በድምፅ መልሱ አልናቸው። ሰው ሲጽፍ የሪፖርት ቋንቋ ይመጣበታል። ሲያወራ ያማርራል። እኛ የፈለግነው ምሬቱን ነበር።

የመጣው ነገር ዳይሬክተሮቹ ከላኩት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። አንዷ ከክልል ዩኒቨርሲቲ እንዲህ አለች፦ «የሬሚዲያል ተማሪዎች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ይጠይቁኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ በምን ሒሳብ ይገዛል?» ይቺ ጥያቄ ከየትኛውም የዲጂታል ርዕስ በላይ ወቅታዊ ነበረች። ሬሚዲያል የሚባሉት በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ሳያመጡ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ማካካሻ የሚማሩት ናቸው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። ዜና ላይ ሲነገር ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። ንባብ ክፍል ለሚያስተናግድ ሰው ግን የሚገባው አንባቢ ቁጥርም ዓይነትም ተቀየረ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂው በፈተና ሰሞን ወንበር ይሻማል። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ከመጽሐፉ በፊት ሶኬት ይፈልጋል። አንዱ አዳራሽ ይጎድላል፤ ሌላው ይጨናነቃል፤ የግዢ ዝርዝሩ ግን እንዳለ ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከዚህ ወጣ፦ «አንባቢያችን ተቀይሯል፤ የምንገዛው መጽሐፍ ለምን አልተቀየረም?»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሐሳብ የምንመዝንበት አንድ ጥያቄ ነበረን። ጉባኤው አልቆ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ማን ምን ይለውጣል? መልስ ከሌለው ርዕሱ የንግግር እንጂ የውይይት አይደለም። ለንግግር የመክፈቻው ሰዓት አለ፤ እሱም በባለሥልጣን ተይዟል።

በዚህ መለኪያ በጣም የተቸገርነው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ከወጣ ወዲህ ይህን ርዕስ የማያነሳ ስብሰባ የለም። «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ቤተ መጻሕፍት» የሚል ሐሳብ በብዛት መጣ። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ሁሉም ሰኞ ጠዋት ላይ ዝም ይላሉ። ወደ ድምፅ መልእክቶቹ ተመለስን። አንድ የሪፈረንስ ባለሙያ የነገረን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጽሑፍ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ደራሲ አለው፣ የጆርናል ስም አለው፣ ቅጽና ገጽ አለው። ባለሙያው ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ የለም። ጽሑፉ በዓለም ላይ የለም። ቻትቦቱ ነው የፈጠረው። ተማሪው ግን «ቤተ መጻሕፍቱ ምንም የለውም» ብሎ ይሄዳል። ርዕሱን ወደዚች አጠበብነው፦ የሌለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ተማሪ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ስንት ደቂቃ ፈልገን እናቆማለን? አማካሪ መምህሩን እናሳውቃለን ወይስ አናሳውቅም? ጠባብ ናት የሚሉ ነበሩ። ውይይቱ ግን ከሰዓቱ አልፎ ሻይ ላይም ቀጠለ።

አሮጌ የሚመስል ርዕስ ደግሞ አለ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ካታሎገር (መጽሐፍ መዝጋቢ) የኢትዮጵያውያን ስም አመዘጋገብ ይነሳ አሉ። ከወጣቶቹ አንዷ ተቃወመች፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እርስዎ ሲቀጠሩም የነበረ ጉዳይ ነው።»

«የነበረ ነው» አሉ። «አሁን ግን ሁላችሁም የካታሎግ ካርዱን ኮሃ ወደሚባለው ሶፍትዌር እየገለበጣችሁ ነው። ካርድ ላይ የተሳሳተውን እኔ በእጄ አርመዋለሁ። እናንተ የምታስገቡትን ማን ይመለስበታል?»

እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ጉዳዩ አርጅቷል፤ ውሳኔው ግን የዘንድሮ ነው። ኮሃን የሠሩት ኒውዚላንዶች ናቸው፤ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም። ማርክ በሚባለው የኮምፒውተር አመዘጋገብ ለዚህ ምልክት አለው፦ የደራሲው ስም በሚገባበት በ100 መስክ የመጀመሪያው አመልካች 0 ከሆነ መዝገቡ በራሱ ስም ይጀምራል፤ 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም። መዝጋቢው 1 ብሎ ካለፈ ደራሲው በአባቱ ስም ገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኃይሉን አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ካልተነገረው አያገናኛቸውም። ለዚህ ክፍለ ጊዜ ጥናት አቅራቢ አልጋበዝንም። ከየተቋሙ የአንድ ደራሲ መዝገብ ብቻ አስመጥተን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን አሳየን። ሳቁ ቶሎ አለቀ፤ ክርክሩ ግን ቶሎ አላለቀም።

ከፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ባዶ ትተን ነበር። «ይገለጻል» ብለን ጻፍንበት። ማተሚያ ቤት የሚሄደው ባልደረባችን አልወደደውም፤ ያልተዘጋጀን ያስመስለናል አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባዶው ቦታ ባለቤት አገኘ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጆርናልና ዳታቤዝ የሚገዛው በዶላር ነው፤ በጀቱ በብር። በጀቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ሥራ ላይ ውሏል።

እዚህ ላይ የገባኝ ነገር የጉባኤው ወር ራሱ ርዕስ እንደሚመርጥ ነው። ጥቅምት ላይ የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ ገና ስላልተላከ ሰው ሰምቶ ቁጥሩን ማስተካከል ይችላል። ይህንኑ ርዕስ ግንቦት ላይ ብናነሳው ለቅሶ መድረስ ይሆን ነበር። ጥያቄውም «ዋጋ ናረ» እንዳይሆን ተጠነቀቅን። የትኛውን ምዝገባ እናቋርጥ? በነፃ የምናገኘውን ተጠቅመንበታል? ብለን ጠየቅን። ለታዳጊ አገሮች ጥናታዊ ጽሑፍ በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ሂናሪና አጎራ ለኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ክፍት ናቸው፤ የመጀመሪያው ለጤና፣ ሁለተኛው ለግብርና። አዳራሹ ውስጥ ስንጠይቅ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ የለቀቀባቸው ተቋማት ነበሩ። ይህን ለማስተካከል ሰኞ መጠበቅም አላስፈለገ፤ አንዳንዱ እዚያው ተቀምጦ ኢሜይል ላከ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ በዚያው ክረምት ነው የወጣው። ይህን ርዕስ ያቀረበ አንድም ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። የሕግና የባንክ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ነው የታየው። እኛ ግን መግቢያው ላይ የሚቀመጠውን መዝገብ አሰብን። ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተዋሰው መጽሐፍ፣ ሁሉም ተራ በተራ፣ ለሚቀጥለው ፈራሚ ተገልጦ። ማን ምን እንዳነበበ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ተቋም ጥቂት ነው። የሕግ ባለሙያ ጋበዝንና ንግግር አታድርግልን አልነው። አንድ የተዋሽ መመዝገቢያ ቅጽ ሰጥተነው፣ የትኛው ዓምድ እንደሚያስፈልግና የትኛው ትርፍ እንደሆነ እየሰረዘ እንዲያስረዳን ጠየቅነው። ዓምዶቹ አንድ በአንድ ሲሰረዙ ማየት ደስ ይል ነበር።

በቴሌግራም የሚዞረውን የመጻሕፍት ፒዲኤፍ ለማንሳት ፈርተን ነበር። ደራሲዎች ከገቡ ጭቅጭቅ ይሆናል ተባለ። ጭቅጭቅም ሆነ። አስተናጋጆቻችን በየቀኑ «ፒዲኤፉ የለም?» እየተባሉ ይህን ጉዳይ ማለፍ ግን አይቻልም። በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ለቤተ መጻሕፍት የተፈቀደው የማባዛት መብት ውስን ነው፤ ብዙ ባለሙያ ግን አንብቦት አያውቅም። ደራሲና ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ብቻ እንኳ ዋጋ ነበረው።

በሰሜኑ ጦርነት ስለተዘረፉትና ስለወደሙት ቤተ መጻሕፍት የነበረውን ውይይት ግን በመድረክ አላደረግነውም። አዳራሹ ውስጥ ከየአቅጣጫው ሰውም ንብረትም ያጡ ባልደረቦች አሉ፤ ማይክ የያዘ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚናገረውን አይመርጥም። በትንሽ ክፍል፣ ለሚመለከታቸው ብቻ፣ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይዘን ተቀመጥን፦ ካታሎጉ ያለበት ሰርቨር ከጠፋ ከምን ይጀመራል? የካታሎግ ቅጂ ከግቢ ውጭ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ክፍል ነው።

ስፖንሰር ርዕስ ይዞ ይመጣል። አንድ አቅራቢ ገንዘብ እሰጣለሁ፣ ነገር ግን ስለምሸጠው ሲስተም አንድ ክፍለ ጊዜ ይኑረኝ አለ። ሻይ እረፍት ላይ ጠረጴዛ ሰጠነው። ከፈለ፤ ብሮሸሩም አለቀለት።

የግምገማ ቅጹንም ቀየርነው። «ጉባኤው እንዴት ነበር?» ሲባል ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብሎ ይሞላል። በዚያ ፋንታ «የትኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስልክዎን አወጡ?» ብለን ጠየቅን። አንደኛ የወጣው የመክፈቻ ንግግሩ ነው፤ ማንም አልደነቀውም። ሁለተኛው የቻትቦቱ ውይይት ሆነ። ምክንያቱን ስንጠይቅ የየራሳቸውን ቻትቦት የውሸት ጽሑፍ ሲያስፈጥሩት ነበር አሉን። ለሚቀጥለው ጉባኤ የድምፅ መልእክቶቹ መምጣት ጀምረዋል። እስካሁን ከደረሱን ብዙዎቹ የሚያማርሩት ስለ መብራት ነው።