መርፌው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ሥራችን ኢክሲ ነው። አንድ የወንድ ዘር መርጠን በመርፌ እንቁላል ውስጥ እናስገባለን። እንቁላሉ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛውን ቢያህል ነው። የመርፌው ቀዳዳ ከዚያም ሃያ ጊዜ ያህል ይጠብባል። ዘዴው በ1992 እ.ኤ.አ. ከብራስልስ ከተሰማ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ዘምኗል። መንቀጥቀጥን ግን ዛሬም አይችልም።

የዚያን ቀን መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ተነስቷል። ባልደረባዬ እንቁላሉን በመያዣው ፒፔት፣ በቀጭኑ የመስታወት ቱቦ፣ ስባ ይዛለች። ፖላር ቦዲውን፣ ብዙ ጊዜ ክሮሞዞሞቹ አጠገቡ የሚገኙትን ከእንቁላሉ ጋር ያለ ትንሽ ሕዋስ፣ ወደ ላይ አዙራዋለች፤ መርፌው ከጎን ሲገባ ክሮሞዞሞቹ ያሉበትን እንዳይነካ ነው። ልትወጋ ስትል የመርፌው ጫፍ ስክሪኑ ላይ ይርገበገብ ጀመር። ትንሽ ነው። ግን 400 ጊዜ ጎልቶ ሲታይ ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

«ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አላት አንዱ።

መልስ አልሰጠችውም። እጇን ከማዞሪያው አነሳች። መርፌው አሁንም ይንቀጠቀጣል! እኔ ይህን በጣም ወደድኩላት። ብዙዎቻችን ብንሆን እልህ ይዞን እንወጋ ነበር።

እንቁላሉን ቶሎ ሙቀቱን ወደሚጠብቀው ሳጥን፣ ወደ ኢንኩቤተር፣ መለሰችው። ክሮሞዞሞቹን አሰልፎ የያዘው ነገር ቅዝቃዜ አይወድም፤ ከ37 ዲግሪ ሲወርድበት ይፈራርሳል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ከመርፌው ጋር የተያያዘውን ቱቦ ነው። አየር ገብቶበት ይሆናል ተባለ። ነገሩ ግን አልገጠመም፤ አየር ሲገባ መርፌው መምጠጥና መግፋቱ ይዘገያል እንጂ አይርገበገብም። የባዮሜዲካል ባለሙያችን ተጠራ። ማይክሮስኮፑን ዞር ብሎም አላየው። በርከክ አለና ከጠረጴዛው ኋላ በባትሪ አበራ።

ጠረጴዛችን በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነው፣ የሕንፃው ንዝረት እንዳይደርስበት። በእሱና በግድግዳው መካከል ግን አንድ ካርቶን ጓንት ተወትፏል። የጄኔሬተሩ ንዝረት በግድግዳው ይመጣና በካርቶኑ ተሻግሮ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ዕቃ ተራ ጠረጴዛ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው።

ካርቶኑን ሲጎትተው መርፌው ቀጥ አለ። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አየን። ቀልደኛውም ዝም።

አሁን እንቁላል ከኢንኩቤተር ከማውጣታችን በፊት ባዶውን መርፌ ስክሪኑ ላይ አድርገን፣ እጃችንን አንስተን እናየዋለን። ጓንቱ ደግሞ አለቃችን ቢሮ ገብቷል። በየጊዜው «ኧረ ውሰዱልኝ!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።