እንኳን አደረሳችሁ፣ ከአዘዞ

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሳችሁ! ዝናቡ እስከ ትናንት ማታ አልለቀቀንም ነበር፤ ዛሬ ግን ከአዘዞ እስከ ጎንደር ፒያሳ ፀሐይ ነው። እናቴ ዶሮውን የጀመረችው በሌሊት ነው። ሽንኩርቱን የላጥኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ያበጠው በዚያ ነው ብዬ ልለፈው።

ጋሼ የሉም። ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር «ሻለቃ እንዴት ናቸው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ አጎቴ ግንቦት ላይ አረፉ።

ቅዱስ ዮሐንስ ሲመጣ ዝም ይሉ ነበር። አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች ሲመጡ አዳዲስ ብር ይዘው በር ላይ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ጥጋቸውን ይይዛሉ። ምክንያቱን የነገሩኝ በቅርቡ ነው። 1970 ሲገባ ጅጅጋ ላይ የመቶ መሪ ነበሩ፤ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ከወጡ ዓመት አልሞላቸውም። ዘመን በተለወጠ ሰሞን ከተማዋ ለሶማሊያ ጦር ተለቀቀች። በካራማራ በኩል ወደ ኋላ ወጡ።

«የካቲት 26ን፣ የካራማራን ድል፣ ሰው ሁሉ ያከብራል። ደግ ነው፣ እኔም ነበርኩበት። የመስከረሙን ልጆች ግን ማን ያስታውሳቸው?» አሉኝ። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸው አለቀ።

ከዚያ ኤርትራ፣ ከዚያ 1983፣ የደርግ መውደቅ፣ ጦላይ ካምፕ፣ «የቀድሞ ሰራዊት» የሚል ስም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲመጣ ያው «የቀድሞ» ተፈለገና ምልምል ሊያሰለጥኑ ሄዱ። ቅር አላላቸውም? ብሏቸዋል እንጂ! «ልጆቹ እግራቸውን መጠበቅ አያውቁም» ብለው ሄዱ።

እግር ላይ ቀልድ አያውቁም። ከጉዞ በኋላ ማታ ማታ የወታደሮቻቸውን እግር በባትሪ እየዞሩ ያዩ ነበር፤ ውሃ የቋጠረ፣ የተላጠ፣ ካልሲው ያልደረቀ። እኛንም አልማሩንም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ላይ ጫማ አስወልቀው ይፈትሹን ነበር። በጎንደር ክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ያለፈ ልጅ አላስታውስም።

አምና በዛሬው ቀን እግራቸው አብጦ ጫማው እምቢ አለ። በነጠላ ጫማ ፎቶ አልነሳም አሉ። የለጠፍኩት ፎቶ ከወገብ በላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ፒያሳ ያለኸው ጫማ ሰፊ፣ ያንን ጥቁር ጫማ ስንት ጊዜ ሶል ቀየርክለት? መጨረሻ ላይ ገንዘብ አልቀበልም ማለትህን እናቴ ዛሬም ታወራዋለች። አንቺ ነርሷ ጎረቤታችን፣ እግራቸውን እያጠብሽ «ሻለቃ፣ ዛሬ ፍተሻው የኔ ነው» ስትያቸው ስቀዋል። ያን ወር የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። የዕድራችን ሰዎች፣ በዚያ ዝናብ ድንኳን ይዛችሁ የቆማችሁት፣ ዘመናችሁ ይባረክ። ከደሴ ደውለው «መቶ አለቃዬ» እያሉ ስልክ ላይ ያለቀሱት አባት፣ እርስዎንም እንኳን አደረሰዎ። ለእርስዎ ሻለቃ ሆነው አያውቁም።

ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ «በለው!» የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ለእናንተም መልካም አዲስ ዓመት። ጋሼ ካልሲያችሁን ባዩት!

ልጅ ወጥቶባችሁ በር በሩን የምታዩ የሰፈሬ እናቶች፣ ልጆቻችሁ በሁለት እግራቸው ይግቡላችሁ።

አበባየሆሾቹ በር ላይ ደርሰዋል። አዲስ ብር ማዘጋጀቱን ረስቼዋለሁ። ልነሳ።