ትንሿን ባቡር ቀስ ማለት እስካስተምራት

ከመጀመሪያዋ የእንፋሎት ሞዴል ባቡሬ ጋር የተዋወቅነው ከጠረጴዛ ላይ ስትወድቅ ነው። ያገለገለች ነበረች። አራት እግር፣ ሁለት ሲሊንደር፣ የናስ ቦይለር፤ ርዝመቷ ከክንዴ ያንሳል። ውሃ ሞላኋት፣ እሳቱን ከሥር ለኮስኩ፣ ጠበቅኩ። ውስጧ ሲንተከተክ ስሰማ በጣቴ ገፋ አደረግኳት። መጀመሪያ በጭስ ማውጫዋ ትኩስ ውሃ እጄ ላይ ተፋች። ከዚያ ተፈተለከች። ሀዲዱ ሲታጠፍ እሷ አልታጠፈችም።

ጭስ ማውጫዋ ትንሽ ከመጉበጡ በቀር ምንም አልሆነችም። እኔ ግን በዚያው ተለከፍኩ። ዛሬ አራት አሉኝ። ሦስቱን ለሌላ ቀን ልተዋቸው። ብዙ ያስተማረችኝ ይቺው የመጀመሪያዋ ናት፤ ያልፈታሁት ብሎን የላትም።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። የኔዋ የተቀዳችባቸው እውነተኛዎቹ ትንንሽ የፋብሪካ ባቡሮች ሲጀመርም ለሩጫ አልተሠሩም። ሥራቸው ከድንጋይ ካባ፣ ከሸንኮራ እርሻ፣ ከጡብ ፋብሪካ ፉርጎ መጎተት ነበር። በዌልስ ፔንሪንና ዲኖርዊክ በሚባሉት የድንጋይ ካባዎች ውስጥ ሊድስ ከተማ ላይ የተሠሩ የሃንስሌት ኩባንያ ባቡሮች ገደል ጫፍ ለጫፍ ሲንፏቀቁ ኖረዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ደኮቪል የሚባል ባለፋብሪካ ሀዲዱን ከሥሩ ካሉት የብረት አግዳሚዎች ጋር አንድ ላይ ገጥሞ፣ ሠራተኛ እንደ መሰላል ተሸክሞ የትም የሚዘረጋው አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪሱ ኤግዚቢሽን ላይ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር በሆነ ሀዲድ ጎብኚ ሲያመላልስ የነበረው የሱ ባቡር ነው።

እኛ የሞዴል ባቡር ወዳጆች እነዚህን 19 ጊዜ አሳንሰን እንሠራለን። 60 ሳንቲሜትሩ ሀዲድ 32 ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ ቀን እስክሪብቶ ይዤ ሒሳቡን ሠራሁት። እውነተኛዋ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ የኔዋ በሰከንድ መሄድ ያለባት 15 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ለመጨረስ ሰባት ሰከንድ ማለት ነው። ሀዲዱ ላይ አንድ ሜትር በኖራ ምልክት አድርጌ በስልኬ ለካሁ። አንድ ሰከንድ አልሞላባትም! በዚህ ስሌት እውነተኛዋ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር እየበረረች ነበር ማለት ነው፤ ድንጋይ ጭና።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ አንድ ሆነ፦ ባቡሯን ቀስ ማሰኘት። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ችግሩ ግማሹ ክብደት ነው። ርዝመትን፣ ወርድንና ቁመትን 19 ጊዜ ስታሳንስ ክብደት 19 ጊዜ ብቻ አይቀንስም፤ 6,859 ጊዜ ነው የሚቀንሰው። 6 ቶን የሚመዝን ባቡር በዚህ ሒሳብ አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። እውነተኛዋ ተንደርድራ ለመነሳትም ለመቆምም ጊዜ ይፈጅባታል። የኔዋ እንፋሎቱ በትንሹ በመጣ ቁጥር ትዘላለች፣ በቀነሰ ቁጥር ትቆማለች። ስለዚህ መጀመሪያ የጨመርኩት እርሳስ ነው። ስስ የእርሳስ ቆርቆሮ በመቀስ እየቆረጥኩ በጎንና በጎኗ ያሉትን የውሸት ታንከሮች ሞላሁ። ከኋላዋም በድንጋይ የተሞሉ አምስት ፉርጎዎች ቀጠልኩ። ከሠራኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ርካሹ ይሄ ነበር፤ ውጤቱ ግን ከሁሉም በለጠ። መጀመሪያውኑ ጭነት ብሰጣት ኖሮ ስንቱን ባልፈታሁ!

ሌላው ግማሽ ሲሊንደሩ ላይ ነው። የኔዋ ሲሊንደሮች የሚወዛወዙ ናቸው። ፒስተኑ ሲመላለስ ሲሊንደሩ ራሱ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ በዚያ ጊዜ ጀርባው ላይ ያለው ቀዳዳ ከእንፋሎት መግቢያው ጋር ይገጥማል፣ ከዚያ ደግሞ ከመውጫው ጋር። ሌላ ቫልቭ የለም። ሁለቱን ጠፍጣፋ ገጾች አጣብቆ የያዘው አንዲት ስፕሪንግ ናት። ገጾቹ ከተጫሩ እንፋሎቱ በመሃል ይሾልካል፣ ባቡሯም ቀስ ብላ መሄድ አትችልም፤ ወይ ትበራለች ወይ ትቆማለች።

የኔዋን ፈትቼ ባየው ጭረት በጭረት ነው። ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘረጋሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ሲሊንደሩን ገጹ ላይ በማርከር መስመር አሰመርኩበትና 8 ቁጥር እየሠራሁ ፈገፈግኩት። አስር ዙር፣ ገልብጬ አያለሁ፤ አስር ዙር፣ ገልብጬ አያለሁ። ማርከሩ ጠፍቶ የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ዝቅ ያለው ቦታ መስመሩን ይዞ ይቀራል። መስመሩ ሁሉ እኩል ሲጠፋ ገጹ ለጥ ብሏል ማለት ነው። አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፤ ሬዲዮ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ግን ደስ የሚል ሥራ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ። ሲሊንደሩ ሲስተካከል ልቤ አበጠ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የስፒሪቶውን ማንደጃ በጋዝ ቀየርኩ፣ የእንፋሎት መክፈቻ ጨመርኩ፣ የሲሊንደሩንም ስፕሪንግ አጠበቅኩ። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ። ለኮስኳት፤ አልሄድ አለች። ጋዙ ነው? መክፈቻው ነው? ስፕሪንጉ ነው? ማን ይናገር! እያየሁ እሳቱን ጨመርኩ፣ ጎንበስ ብዬ መረመርኩ፣ እንደገና ጨመርኩ። ውሃው ማለቁን ያወቅኩት ከቦይለሩ ሥር የብር ጠብታ የመሰለ ነገር ሲንጠባጠብ ነው።

ብየዳው ነበር። ያረጁ ትንንሽ ቦይለሮች ብዙዎቹ የተያያዙት በለስላሳ ብየዳ፣ በቲንና እርሳስ ቅልቅል ነው፤ እሱ ደግሞ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ውሃ እስካለ ድረስ ችግር የለም፤ ከአየሩ ግፊት በላይ በ1 ባር ግፊት ውሃው ራሱ የሚፈላው 120 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ብረቱን ከዚያ ብዙም እንዲያልፍ አይፈቅድለትም። ውሃው ካለቀ ግን ጠባቂ የለውም።

አዲሱ ቦይለር መዳብ ነው፣ በብር ብየዳ የተያያዘ፤ እሱ ለመቅለጥ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ራሴ አልበየድኩትም። ቦይለር መሥራት የሚያውቅ ሰው ሠርቶ፣ በውሃ ግፊት ፈትሾ ሰጠኝ። በአየር ነፍቶ መፈተሽ የሚባል ነገር የለም፤ የታመቀ አየር ሲፈነዳ እንደ ቦምብ ነው፣ ውሃ ግን ከተሰነጠቀው ቦታ ፊጭ ብሎ ያበቃል። የጋዝ ታንኳንም ሆን ብዬ ትንሽ አደረግኳት። ጋዙ ሁልጊዜ ከውሃው ቀድሞ ማለቅ አለበት። እኔ ብረሳ እንኳን እሳቱ ራሱ ይጠፋል።

ጋዙም የራሱ አመል አለው። ቡቴን ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጥና እየተነነ ይወጣል፤ ሲተን ደግሞ ታንኩን ያቀዘቅዘዋል። ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱ ይደክማል። ብርዳማ ቀን ከሆነ ታንኩ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አጠገቡ ሻማ አይበራም። (ሻማ ላብራ ያለ ሰው አጋጥሞኛል። ሮጥኩ።) የማንደጃዋ ቀዳዳ ብትደፈን መርፌ አትስደዱባት፤ ቀዳዳዋ ትሰፋና እሳቱ ከዚያ በኋላ ልክ አይመጣም። ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ በተቃራኒው መንፋት ይበቃል።

ከሁሉም የምወዳት ክፍል የዘይት መስጫዋ ናት፤ አውራ ጣቴን የምታክል፣ ከእንፋሎቱ ቱቦ ጋር በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ የተገናኘች ዕቃ። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም። እንፋሎት ገብቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይገፋና ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። ባቡሯ ቆማ ስትበርድ ክዳኑን እከፍትና በስሪንጅ ከሥር ያለውን ውሃ እስባለሁ። የወጣው ውሃ ልክ የሄደው ዘይት ልክ ነው። ውሃ ካላገኘሁ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ሲሊንደሩ ደርቆ ነው የዋለው። ዘይቱም ለእንፋሎት ሲሊንደር ተብሎ የተሠራ ዘይት መሆን አለበት፤ ተራው የሞተር ዘይት ከትኩስ እንፋሎት ጋር ነጭ ቅባት ሆኖ ይጓጉላል።

ቀለሙንና ጣሪያውን ቶሎ ላልፈው። ጣሪያውን መጀመሪያ በካርቶን ቆርጬ ለካሁት፤ ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ጣልኩ፣ ናሱን ግን አንዴ ብቻ ቆረጥኩ። ሪቬት (የብረት ማያያዣ) የሚመስለው ከጀርባ በሹል ነገር መታ መታ የተደረገ ነጥብ ነው። ቀለሙ አያምርም። የሥራ ባቡር ናት፤ ያምር ብዬም አልተጨነቅኩ።

በመጨረሻ መክፈቻውን ለብቻው፣ ከዚያ ስፕሪንጉን ለብቻው መለስኩ። ከእያንዳንዱ በኋላ አስነድጄ፣ ሰዓት ይዤ፣ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ጥፋተኛው ስፕሪንጉ ነበር፤ ገጾቹን እስኪታነቁ አጥብቄያቸዋለሁ። ግማሽ ዙር አላላሁት።

ባለፈው እሁድ አምስቱን ፉርጎ ቀጥዬ አስነሳኋት። ሲሊንደሯ ቀዝቃዛ ስለሆነ መጀመሪያ ወደፊት ወደኋላ በእጄ ገፋ ገፋ አድርጌ ውሃውን አስተፋኋት፤ አሁን እጄን የት እንደማደርግ አውቃለሁ። መክፈቻውን በፀጉር ያህል ከፈትኩት። ጭፍ፣ ጭፍ፣ ጭፍ፣ ጭፍ፤ እግሯ አንዴ ሲዞር አራት ትንፋሽ፣ አንድ በአንድ እየቆጠርኩት። ምልክቱ ጋ ስትደርስ ስልኬን ነካሁ። ስድስት ሰከንድ ከምናምን። ወደ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ጋዙ አለቀና እሳቱ ዝም አለ። እሷ ግን በቀራት እንፋሎት ኩርባውን ዞረች፣ ግማሽ ሜትር ያህል ተንፏቀቀች፣ አንድ የመጨረሻ ጭፍ አለችና ቆመች። ስሪንጄን ላመጣ ተነሳሁ።