የዕድር አዳራሽ ውስጥ የኮምፒዩተር ክፍል ስንከፍት

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ የዕድር አዳራሽ ውስጥ፣ ከውጭ በተለገሱ 10 አሮጌ ዴስክቶፖች ለሰፈሩ ተማሪዎችና ሥራ ፈላጊዎች የሚሆን ክፍል ከፍተናል። እንዲህ ያለ ክፍል የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተር ጠፍቶ አይደለም፤ መብራቱንና ጥቃቅኑን ነገር የሚከታተል ሰው ጠፍቶ ነው። ሌላም ዕድር ቢያስብበት ብለን የሠራነውን እንጽፋለን።

ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ትታይ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ልትሆን ትችላለች፤ እንዲሁ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ይቃጠላል። ወደ 230 ትዙር። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ፣ ራሙን (የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርዱን) ነቅሎ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ማሸት ነው፤ «አይነሳም» ከተባሉት መካከል በዚህ ብቻ የሚነሱ አሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ጫንን። ማሽኑ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) እና 4 ጊጋባይት ራም ካለው ደህና ይሠራል።

ሲነሳ «ኤፍ1 ተጫን» የሚል ማሽን ካለ፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ሲአር2032 ባትሪ አልቃ ይሆናል። ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱን ካላስተካከለ ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደሉም እያለ አይከፍትም። ሰው ኔትወርኩን ሲፈትሽ ይውላል፤ መድኃኒቱ ግን ባትሪዋን መቀየር ነው።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው መብራቱን ነው። 10 ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 1,000 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከ5 አምፔር በታች ይወስዳል። ብዙ አይደለም። የዕድሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ለቅሶ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሁለቱ በአንድ መስመር ከተገናኙ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ለክፍሉ ለብቻው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከርና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄድ መከላከያ ሽቦ) ይዘርጋ። ኧርዝ ከሌለ ሳጥኑ ሲነካ ይነዝራል፤ አንድ ጊዜ የነዘረው ልጅ ደግሞ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ክልክል ይሁን፤ መጋጠሚያው ግሎ ይቀልጣል። መብራት ሲሄድ ሁሉም ይነቀል፤ ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ አይሰካም፤ ሲያግል የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ኢንተርኔት ውድ ስለሆነና ስለሚቆራረጥ፣ አንዱን ማሽን ኪዊክስ (ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም) ጭነን ለሌሎቹ የሚያካፍል ሰርቨር አደረግነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ አንዴ ከወረደ ሁሉም ያለ ዳታ ያነበዋል። ኮፒ የሚደረግበት ዲስክ ፎርማቱ (ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይደረግ።

ሥራ ፈላጊ በብዛት የሚመጣው ሲቪውን በፍላሽ ይዞ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ከሆነ ፊደሉ የላቲን ኮድ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ እኛ ጋ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። ፎንቱን ጭኖ ከማለፍ ይልቅ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ባለው የዓለም አቀፍ መለኪያ) እንደገና ማስጻፍ ይሻላል፤ ባለቤቱ ራሱ ይጻፈው፣ selam ሲል «ሰላም» በሚሰጠው ኪቦርድ። ከዚያ በፒዲኤፍ ተቀምጦ ይላካል፤ የቀጣሪው ኮምፒዩተር ፎንቱ ባይኖረውም ይነበባል።