የወርክሾፑ በር

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴን ሙት ዓመት አሰብን። ሰው ሲበታተን አንዲት ጎረቤቴ እጄን ይዛ «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ታመመ፤ አንቺም ስንቱን አየሽ፤ አሁንስ እረፊ» አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ከልቧ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰው በነዚያ ዓመታት ውስጥ ያየው በሽታውን ብቻ ነው ማለት ነው? ስለዚህ ተነሥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የተነገረን በ1999 ሚያዝያ ነው። ከዚያ በፊት ለወራት ላብ በላብ ሆኖ ያድር ነበር። ሰውነቱ ከሳ፣ ግራ ጎኑ ግን አብጦ ቀበቶ አላስር አለው። እኛ ዘንድ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጠው። በኋላ ደሙ ሲቆጠር ነጭ የደም ሴሉ 180 ሺህ ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ11 ሺህ ብዙም አያልፍም። ከጅማ ወደ ጥቁር አንበሳ ተላክን።

ያኔ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሚሊኒየሙ ነበር። አንድ ዘመዳችን በረንዳ ላይ ቆሞ «መስከረምን አያያትም» ሲል ሰማሁ። እሱም ሰምቶ ኖሯል። የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳን። ሥር የሰደደ የሚባለው ዓይነት የደም ካንሰር ነው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ጫፋቸው ተቆርጦ ይለዋወጣል። ቁራጩ ያለ ቦታው ሲገጠም፣ መቅኔውን «ነጭ ሴል አምርት፣ አታቁም» እያለ የሚያዝ ነገር ይፈጠራል። ባለቤቴ እንጨት ሠሪ ነበር። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ አየውና «መጋጠሚያው ነዋ የተበላሸው» አለ። በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ ለእኔ የገባኝ ይሄ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ግሊቬክ ይባላል። ያንን የተሳሳተ ትእዛዝ ዝም ያሰኛል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱ ሊታመም ስድስት ዓመት ሲቀረው። ትንሽ ቀደም ብሎ ታሞ ቢሆን ልጆቼ አባታቸውን የሚያውቁት በፎቶ ነበር። ግዙ ብንባል ደግሞ ቤታችንን ሸጠንም ዓመት አንዘልቅም። በዕርዳታ ነበር የሚሰጠን፣ በነጻ። የሰጡንን ሰዎች ፊታቸውን አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን አንድ ቀን ረስቻቸው አላውቅም።

ኑሯችን በሦስት በሦስት ወር ተሰፈረ። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ይነሣል። ሰኮሩ፣ ሳጃ፣ ከዚያ የጊቤ ቁልቁለት። እዚያ ሙቀቱ ሲመጣ ሹራቡን አውልቆ እግሩ ላይ ያጥፈዋል። ወልቂጤ ላይ ሻይ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2008 መንገዱ ሲዘጋ ዞር ብሎ ሄዷል፤ በ2012 በኮሮና ጊዜ አውቶቡስ በግማሽ ሲጭን በእጥፍ ከፍሎ ሄዷል።

ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወርክሾፑ ይገባና ከበሩ ጀርባ በእርሳስ ይጽፋል። ቀኑንና የደሙን ቁጥር። 180 ሺህ፣ 62 ሺህ፣ 9 ሺህ። ከዚያ በኋላ ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት እያለ ለዓመታት ይቀጥላል። እዚያው በር ላይ ልጆቹንም ያቆማቸው ነበር። ስኳድራውን አናታቸው ላይ ያስተካክልና መስመር ያሰምራል። ሲታመም ታናሽቷ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። የእሷ የመጀመሪያ መስመር ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የመጨረሻው እኔን ይበልጠኛል።

ኪኒኑ ከምግብ በኋላ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚዋጠው። በአዘቦት 7 ሰዓት፣ በጾም 9 ሰዓት። የንስሐ አባታችን «አትጹም» ብለውት ነበር፤ እሱ ሰዓቱን አዘዋውሮ ሁለቱንም ያዘ። ታናሽቷ አባት ሁሉ ከምሳ በኋላ ቢጫ ኪኒን የሚውጥ ይመስላት ነበር። አንድ ጊዜ የጓደኛዋን አባት «ጋሼ፣ ኪኒንዎን ረሱ» ብላቸው መጣች። ያን ቀን እስኪያስለቅሰው ሳቀ።

ቀላል ነበር አልልም። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ያብጣል። ሌሊት ባቱን ይጨመድደውና እያሸሁለት ይነጋል። እኔም አጥፍቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ብርጭቆ ነበር የምይዘው። «አትሸከም፣ አትውጣ፣ ብርዱ» እል ነበር። አንድ ቀን የዋንዛ ጣውላ ከእጁ ልቀበል ስል ጣውላውን አስቀምጦ «በቁሜ አትቅበሪኝ» አለኝ። ጮክ ብሎ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ጣውላ ተቀብዬው አላውቅም።

እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ጅረን ይወጣ ነበር፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ሌላው ሰው ስለ ንጉሡ ታሪክ ሲሰማ እሱ ምሰሶና ጣሪያ ነው የሚያሳያቸው። «እዚች ጋ እዩ፣ እንጨት ከእንጨት እንዴት እንደተነካከሰ» ይላቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከመኪና ወርዶ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ነበር ያሳያቸው። በሦስተኛው ዓመት ዳገቱን በእግሩ ወጣው፤ ታናሽቷ ትከሻው ላይ ነበረች። ዛሬ የበኩር ልጄ ግንባታ ተምራ ሥራ ይዛለች። ማንም ግቢበት አላላትም። ከዚያ ጣሪያ ሥር ነው ያገኘችው።

የመጨረሻውን ዓመት አላስረዝመውም። መድኃኒቱ መሥራት አቆመ፣ የተተካው ሌላው ደግሞ ጥቂት ወራት ሰጠን። በሩ ላይ ቁጥሩ እንደገና መውጣት ጀመረ፤ 14፣ 31፣ 70። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፈው፣ ግን አልዘለለም። ጥቅምት 2016 ላይ፣ ቡና መለቀም ሲጀምር፣ ቤቱ ውስጥ አረፈ። ሐጂ ጎረቤታችን የሠራላቸውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተሸክመው መጥተው ለቅሶ ቤቱ የተቀመጡት በእሱ ላይ ነው። ሌላ ወንበር ቢሰጣቸው እንቢ አሉ።

ወርክሾፑ የኪራይ ነበር፤ ባለፈው ወር አስረከብነው። ለአከራዩ አዲስ በር አስገጠምንና ወንዱ ልጄ አሮጌውን ነቅሎ ቤት አመጣው። ሰጋቱራና ኮፓል ይሸታል። ሳሎናችን ጣሪያው ዝቅ ያለ ነውና አልቆም አለ። ልጄ ከታች ትንሽ ልቁረጠው አለኝ፤ ከታች ግን የታናሽቷ የመጀመሪያ መስመር አለ፣ ከላይ ደግሞ 180 ሺህ። ስለዚህ ግድግዳውን ታክኮ በጎኑ ተጋድሟል። እኔም አንገቴን አጋድሜ አነበዋለሁ።